ደውለን ብቻ አንቅር



በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በዋጃ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ከቅርቧ ከቆቦ እንኳ «ደኅና ናችሁ?» የሚል ድምፅ አጣን። መስመሩ ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «አላችሁ ወይ?» የሚል ሆነ።

ዛሬ ግን ስልኩ በእጃችን ሳለ፣ ለበዓል አንድ ሥዕል በቴሌግራም ለሁሉ በትነን፣ ጎረቤታችን ያሉትን አሮጊት እናት ሳንጠይቅ እናልፋለን።

ሐዋርያው ዮሐንስ በሦስተኛይቱ መልእክቱ ለጋይዮስ ጥቂት ጽፎ የቀረውን ፊት ለፊት ሊነጋገሩበት አቆየው። ጽሕፈቱ የመገናኛ መንገድ እንጂ የመገናኘት ምትክ አልነበረም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ካርድ ቢያንሰን ሚስኮል እናድርግ፤ ማሰባችን ይታወቃልና። የታመመ፣ ያዘነ ሲኖር ግን ደውለን ብቻ አንቅር፤ በእግራችን እንሂድ። ድምፅ የናፈቅንበትን ቀን አንርሳ።

የሰላም አምላክ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።