ማን መጣ?

(ስለ ደስታና ስለ ጎረቤት)

ጥያቄያችን አጭር ነው፤ ክርክሩ ግን ወራት ፈጅቶብናል። ከእኛ የበለጠ ያጣ ሰው በአጠገባችን እያለ፣ በትንሽ ነገር መመለስ ጮክ ብሎ መደሰት ነውር ነው ወይስ አይደለም? ይህን ጥያቄ ያመጣብን መጽሐፍ ወይም መምህር አይደለም፤ አንድ የካርቱን ፊልም ነው። አንባቢ ይህን ሲያይ «ልጆቹ የሚሠሩት አጥተዋል እንዴ!» ቢለን አንቀየምም፤ እስክንጨርስ ብቻ ይታገሠን።

የምንኖረው መቀሌ፣ ዓይናለም ነው፤ ለከተማው የመጠጥ ውሃ የሚቀዳባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ባሉበት አካባቢ። አምስት ሆነን በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። የግቢው ባለቤት አንዲት እናት ናቸው፤ «አደይ» ብለን ነው የምንጠራቸው። ባንክ በተዘጋበት ዘመን አንድም ቀን ኪራይ አልጠየቁንም። «የእኔም ልጅ በሰው ቤት ይሆናል» ነበር የሚሉት። ልጃቸው ጦርነቱ በተጀመረበት በ2013 ዓ.ም ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም ነበር።

ከሰኔ 2013 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ባንኩም በተቋረጠ ጊዜ፣ መብራትም ሲመጣ ሲሄድ፣ የእኛ ሀብት አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ሃርድ ዲስክ ነበር። በሃርድ ዲስኩ ውስጥ «ፉቱራማ» የሚባል ተከታታይ አስቂኝ ካርቱን ነበረ። ላፕቶፑን በጎረቤት ሶላር ቻርጅ እናደርጋለን፤ ባትሪው ሁለት ክፍል ካስጨረሰን እሰየው ነው። ባትሪው ሲሞት የቀረውን በቃላችን እንተርከዋለን። ቤንደር የሚባለውን ቀጣፊ ሮቦት በመቀሌ ትግርኛ እናናግረው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከእንግሊዝኛው ይልቅ ትግርኛው ይስማማዋል።

ፊልሙን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገረው (ቀኖቹን በእኛው አቆጣጠር ነው የምንጽፈው)። ሲምፕሰንስን የፈጠረው ማት ግሬኒንግ ከዴቪድ ኮኸን ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ነው፤ መጋቢት 19 ቀን 1991 ዓ.ም በአሜሪካው ፎክስ ቴሌቪዥን ጀመረ። ፍራይ የሚባል ፒዛ አመላላሽ ወጣት፣ በፈረንጆች 1999 የመጨረሻ ሌሊት፣ ሰው አቀዝቅዞ በሚያቆይ ማሽን ውስጥ ይወድቅና ከሺህ ዓመት በኋላ ይነቃል። ቤተሰቡ፣ ሰፈሩ፣ የሚያውቀው ሁሉ አልፏል። እንግዲህ ቀልዱ ሁሉ የበቀለው ከዚህ ሐዘን ላይ ነው።

ፎክስ ፊልሙን እሑድ ምሽት ላይ አስቀምጦ፣ የስፖርት ጨዋታ በተራዘመ ቁጥር እየዘለለው ተመልካቹን በተነው፤ በመጨረሻም አዲስ ክፍል ማዘዙን ተወ። ነሐሴ 4 ቀን 1995 ዓ.ም የመጨረሻው ታየ። ወዳጆቹ ግን እንደ ተረቱ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሆኑ። በሌላ ጣቢያ ሌሊት ሌሊት ሲደገም ተቀምጠው አዩት፤ ዲቪዲውን ገዙ። የገበያው ነገር ባለቤቶቹን አሳሰባቸውና በ2000 እና በ2001 ዓ.ም አራት ረዣዥም ፊልሞች ወጡ፤ በ2002 ዓ.ም ኮሜዲ ሴንትራል በሚባል ጣቢያ ተከታታዩ ቀጠለ። ነሐሴ 29 ቀን 2005 ዓ.ም ደግሞ ዳግመኛ ተሰናበተ። ለሦስተኛ ጊዜ እንደሚመለስ፣ በሁሉ በኩል እንደሚታይ፣ የተነገረው የካቲት 2 ቀን 2014 ዓ.ም ነው። የዓለም ወዳጆቹ ሲጨፍሩ የእኛ ከተማ ስልክ እንኳን አልነበራትም። ዜናውን የሰማነው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ እንደ ፍራይ ዘግይተን ነቃን ማለት ነው።

ቀኑ በየካቲት 2015 ዓ.ም አንድ ምሽት ነበር። ኢንተርኔት ከተመለሰ ብዙም አልቆየ፤ ከእኛ አንዱ በስልኩ ሲጎረጉር ዜናውን አገኘና ጮኸ። እኛም ተከትለን ጮኽን። አንዱ ሳህን መታ፤ አንዱ እንደ ሴት እልል አለ። ያን ጊዜ አደይ ነጠላቸውን እንኳን ሳያጣፉ፣ በባዶ እግራቸው፣ ከቤታቸው ወጥተው ግቢው መሐል ቆሙ። «መን መፂኡ?» አሉ። ማን መጣ?

አንባቢ ሆይ፣ የዚያን ሰሞን የጩኸት ትርጉም ምን እንደ ነበር እናስታውስህ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ተፈርሟል። ታኅሣሥ 19 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በረራ ጀምሯል። የተለያየ ቤተሰብ እየተገናኘ፣ የወጣ ልጅ እየተመለሰ ነበር። ከአንድ ግቢ እልልታ ከተሰማ «የእነ እገሌ ልጅ መጣ» ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። እኛ ይህን እያወቅን ነው እልል ያልነው።

ታዲያ ምን መለስንላቸው? ምንም። ዝም አልን። አንዱ መብራቱን አጠፋ፤ ዛሬም ያፍርበታል። አደይ ጥቂት ቆመው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ በሁለት ወገን ተከፈልን። የመጀመሪያው ወገን እንዲህ ይል ነበር፦ ደስታ እንደ ልብስ ነው፤ ለቅሶ ቤት ቀይ ለብሶ አይገባም። ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ቤት በሆነበት ጊዜ በካርቱን መጨፈር ራስን ከኅብረተሰቡ መነጠል ነው። ይልቁንም የተመለሰው ነገር ምንድን ነው? ሸቀጥ እኮ ነው! ዲስኒ በ2011 ዓ.ም የፎክስን ስቱዲዮ ገዛ፤ ሁሉም በእጁ ያለ ነው፤ ያተርፈኛል ብሎ የድሮ ዕቃውን ከመጋዘን አወጣ። እናንተ ነጋዴ ሱቁን ስለ ከፈተ እልል ትላላችሁ።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ ደስታ የራሽን ስንዴ አይደለም፤ እኛ አንድ ጣሳ ስለ ወሰድን ከአደይ አይጎድልም። አናጢ ለትርፍ የሠራው ወንበር እንኳ አያቱ የተቀመጠችበት ከሆነ ለልጅ ልጁ ሸቀጥ አይደለም። ይህን ፊልም ውድ ያደረገው ኩባንያው አይደለም፤ በዚያ ጨለማ አምስት ሰው በአንድ ባትሪ ዙሪያ መቀመጡ ነው። ደግሞስ ሐዘንተኛው እስኪያበቃ ሳቅ ይቁም ከተባለ፣ በእኛ አገር መቼ ሊሳቅ ነው?

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ለዚህም ነው ክርክሩ አልጨረስ ያለን። አንድ ቀን ግን ከራሱ ከፊልሙ አንድ ክፍል አንስተን ተነጋገርንበት፤ በኅዳር 1995 ዓ.ም የታየ ነው። ፍራይ የድሮ ውሻውን ወደ ድንጋይነት ተለውጦ በቁፋሮ ያገኘዋል። በዚያ ዘመን ሳይንስ ውሻውን እንደገና ሕያው ማድረግ ይቻላል፤ ማሽኑ ተዘጋጅቷል። ፍራይ ግን በመጨረሻው ሰዓት ያስቆመዋል። ውሻው እሱ ከጠፋ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ረስቶኛል፤ የራሱን ኑሮ ኖሮ አልፏል፤ ልተወው ይላል። ተመልካቹ ግን ፍራይ የማያየውን ያያል፤ ውሻው አልረሳውም ነበር። በዚያው ፒዛ ቤት ደጃፍ፣ በበጋም በክረምትም፣ እስኪሞት ድረስ ጠብቆታል።

ይህን ክፍል በጨለማው ዘመን ስንት ጊዜ እንዳየነው አንቆጥረውም። ልብ ያላልነው ነገር ግን ነበር፤ ለካስ በግቢያችን ደጃፍ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ስለ መጠበቅ የሚያስለቅስ ፊልም እያየን አልቅሰን፣ በአጠገባችን የሚጠብቁትን እናት በሐሰት እልልታ ከቤት አስወጣናቸው። ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚያሳፍረው።

ከዚህ ጋር አንድ ልዩነት ማንሳት ያስፈልጋል። ወላጆቻችን የልጆች ጊዜን ሲያዩ ያደጉት በአባባ ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ተረት ሲነግሩ ኖረው፣ ዝግጅታቸው በ1998 ዓ.ም ቆመ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም ዐረፉ። የእሳቸው ዝግጅት እንደ ፉቱራማ ሊመለስ ይችል ነበር ወይ? እሳቸው በሕይወት ሳሉ አዎን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሌላ ዝግጅት ይሠራል እንጂ ያ አይመለስም። ሥዕል አያረጅም፤ ፍራይ ከ1991 ዓ.ም ጀምሮ የለበሰው ቀይ ጃኬት አሁንም ልኩ ነው። ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ በሥዕል መመለስ ስንደሰት አንድ ውሸት እንዳይገባብን መጠንቀቅ አለብን፤ ይኸውም «ሁሉም ነገር ይመለሳል» የሚለው ነው። ሁሉም ነገር አይመለስም። አንዳንዱ ይመለሳል፤ የተመለሰውም እንደ ድሮው አይሆንም። ይህን የካደ ደስታ ነው ሐዘንተኛን የሚሰድበው።

ሐምሌ 17 ቀን 2015 ዓ.ም አዲሱ ክፍል ወጣ። ኮፒው በፍላሽ እጃችን ገባ። ሆኖም ብዙም ሳንቆይ ጥቅምት 2016 ዓ.ም መጣ፤ በትግራይ ለጦርነቱ ሙታን የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። በዚያ ሰሞን የአደይም ልጅ መርዶ ደረሰ። ድንኳን ተከልን፤ ውሃ ቀዳን፤ አግዳሚ ተሸከምን፤ ፍላሹን ከፍራሽ ሥር ከተትነው። ከወር በላይ በግቢው ሳቅ አልተሰማም።

አንድ ቀን ቡና አፍልተው ጠሩን። «ያ ሳቃችሁ የት ገባ?» አሉ። ያን ጊዜ የየካቲቱን ነገር ሁሉ ነገርናቸው፤ እንዲያ የጮኽነው ለካርቱን እንደ ነበር ሳይቀር። አቀርቅረን ቁጣቸውን ጠበቅን። የመለሱልን በትግርኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስናመጣው እንዲህ ነው፦

«እኔ የዚያን ዕለት የከፋኝ በሳቃችሁ አይደለም፣ ልጆቼ። ማን መጣ ብዬ ጠይቄ መልስ ስላጣሁ ነው። ‹ማንም አልመጣም አደይ፤ የምንወደው ጨዋታ ተመለሰልን› ብትሉኝ ምን ነበረበት? እኔም እሰይ ባልኳችሁ። ዝም ስትሉኝ ጊዜ ግን የልጄን ነገር ሰምታችሁ የደበቃችሁኝ መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።»

ለካ ሁለቱም ወገን ስተን ነበር። አንደኛው ወገን ጥፋቱ መደሰታችን ላይ ነው ይል ነበር፤ ሁለተኛው ወገን ጥፋት የለም ይል ነበር። ጥፋቱ ግን የነበረው በዝምታው ላይ ነው። ደስታችንን ለእሳቸው የማይገባ አድርገን ቆጠርነው፤ እሳቸውንም ደስታ የማይነገራቸው ሰው አደረግናቸው። ሐዘንተኛን ከሐዘኑ በላይ የሚጎዳው ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲያየው ድምፁን የሚቀንስለት መሆን።

ስለዚህ ከእንግዲህ የምንይዘው መመዘኛ ይህ ነው። የአንድ ደስታ ልክ ትንሽነቱ ወይም ትልቅነቱ አይደለም፤ ከነጋዴ መምጣት አለመምጣቱም አይደለም። ጎረቤት ወጥቶ «ማን መጣ?» ሲል ዓይኑን እያዩ እውነቱን መናገር ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነ ደስታው ንጹሕ ነው፤ ጮክ ቢሉበትም ግድ የለም። የማይቻል ከሆነ ግን በሹክሹክታም ቢሆን አንድ የተበላሸ ነገር አለበት። ይህን ስንል ለቅሶ ቤት ገብቶ ይጨፈር ማለታችን አይደለም። ጊዜና ቦታ መምረጥ ጨዋነት ነው፤ መደበቅ ግን ሌላ ነው።

በዚያው ቀን ከቡናው በኋላ ላፕቶፑን አደይ ቤት አስገባን። ከመጀመሪያው ክፍል ጀመርንላቸው፤ እንግሊዝኛውን በትግርኛ እየተረጎምን። ሮቦቱ ሲሰድብ ሳቁ። ፍራይ ከሺህ ዓመት በኋላ ነቅቶ ከተማውን ሲያይ ግን አስቆሙን።

«እናቱስ?» አሉ።

ተያየን። የዚህን ጊዜ ግን መብራት ያጠፋ የለም። «አልፋለች አደይ፤ ሳታየው ነው ያለፈችው» አልናቸው።

«እህ» አሉና ስኒውን አስቀመጡ። «በሉ ቀጥሉ።»