ጃምፐሩ ይነቀል፦ ስለ በርነር ነበልባል ሴንሰሮች ልኬት

በጋዝ፣ በናፍጣ ወይም በጥቁር ነዳጅ የሚሠራ የኢንዱስትሪ በርነር፣ ማለትም ነዳጅንና አየርን ቀላቅሎ በቦይለር ወይም በምድጃ ውስጥ የሚያቃጥል መሣሪያ፣ እሳቱ መኖሩን በየቅጽበቱ የሚከታተል ሴንሰር አለው። ሴንሰሩ ነበልባሉን ማየት ባቆመ ጊዜ መቆጣጠሪያው የነዳጁን ቫልቭ ወዲያውኑ መዝጋት ይኖርበታል፤ ለዚህም የአሜሪካ ደንቦች በተለምዶ ከ4 ሰከንድ የማይበልጥ፣ የአውሮፓ ደንብ ደግሞ 1 ሰከንድ ብቻ ይፈቅዳሉ። እነዚህ ሰከንዶች የተቆጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሳቱ ጠፍቶ ነዳጁ መፍሰሱን ከቀጠለ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ በደረሰ ጊዜ ለመፈንዳት የተዘጋጀ ድብልቅ ይሆናልና፣ የጋለ የምድጃ ጡብ ወይም አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ሰሞኑን በአንድ ፋብሪካ ቦይለር ቤት የታየው ነገር ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሴንሰሩ ምልክት በጃምፐር፣ ማለትም አንዱን ተርሚናል ከሌላው በሚያገናኝ አጭር ሽቦ ታልፎ፣ መቆጣጠሪያው እሳት ኖረም አልኖረም «አለ» ብሎ እንዲያምን ተደርጓል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅም በርነሩ እየቆመ ምርት ስላስተጓጎለ ነው ተብሏል። በርነሩ የሚቆመው ግን የሚያስቆመው ነገር ስላለ ነው! የቆሸሸ የሴንሰር መስታወት በጨርቅ ለመጥረግ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ የሻይ ዕረፍት አይበልጥም፤ ከዚያ ይልቅ ሽቦ ማሰር የተመረጠው የሰው ነፍስ ርካሽ ሆና ስለታየች ብቻ ነው።

ሴንሰሮቹ በየዓይነታቸው የየራሳቸው ድካም አላቸው፤ ያንን ሳያውቁ መነካካትም ከጃምፐሩ የማይተናነስ ጥፋት ነው። ፍሌም ሮድ የሚባለው በነበልባሉ ውስጥ የሚቆም ኤሌክትሮድ ሲሆን፣ በነበልባሉ በኩል የሚያልፈው ጅረት በማይክሮአምፒር፣ ማለትም በአምፒር አንድ ሚሊዮንኛ የሚለካ ስለሆነ፣ ጥላሸት ሲለብስ ወይም ኤሌክትሮዱን የያዘው ሸክላ ሲሰነጠቅ ምልክቱ ይዳከማል። ፎቶሴል የሚታየውን ብርሃን ስለሚከተል በጋለ ግድግዳ ይታለላል። የአልትራቫዮሌት ቱቦ በጋለ ጡብ የመታለል ዕድሉ አነስተኛ ቢሆንም፣ ሲያረጅ እሳት በሌለበት እሳት አለ እያለ ሊቀር ይችላል፤ ሳይቋረጥ ለሚሠራ በርነር ዓይኑን በየጊዜው እየሸፈነ ራሱን የሚፈትን ዓይነት እንዲገጠም፣ ራሱን የማይፈትነው ያለበት በርነር ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲቆም የሚደረገውም ለዚህ ነው። ቀንና ሌሊት የማይቆም ቦይለር ላይ ርካሹን ቱቦ ገጥሞ ዓመቱን ሙሉ መተው ግን ቁጠባ ተብሎ ይመሰገናል።

በዚህ መሣሪያ ረገድ ልኬት ማስተካከል ሲባል፣ እንደ ቴርሞሜትር ንባቡን ከታወቀ መለኪያ ጋር ማነጻጸር ብቻ አይደለም። ሴንሰሩ የሚያይበት አቅጣጫ መቃናቱ፣ ምልክቱ በዝቅተኛም በከፍተኛም እሳት ከአምራቹ ወሰን በላይ መሆኑ፣ እሳት ሲጠፋም በተወሰነው ጊዜ ቫልቩን ማዘጋቱ በአንድነት የሚረጋገጥበት ሥራ ነው። ፓይለቱ፣ ማለትም ዋናውን እሳት የሚለኩሰው ትንሹ ነበልባል፣ ሴንሰሩ ለጥቂት ብቻ እስኪያየው ድረስ ቀስ በቀስ ይቀነስ፤ በዚያ ደካማ ነበልባል ዋናው ነዳጅ ያለ መዘግየት ካልተለኮሰ የሴንሰሩ አቅጣጫ ስሕተት ነውና ይስተካከል። ነዳጁ ተዘግቶ ማቀጣጠያው ብልጭታ ብቻ እንዲሰጥ ይደረግና ሴንሰሩ ብልጭታውን እሳት ብሎ እንዳይቀበል ይረጋገጥ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ምድጃው በሚገባ ከጋለ በኋላ የነዳጁ ቫልቭ በእጅ ተዘግቶ መቆጣጠሪያው የእሳቱን መጥፋት በስንት ሰከንድ እንዳወቀ በሰዓት ይለካ። ይህን የመጨረሻውን ፈተና ብዙዎች የሚሸሹት በርነሩን እንደገና ለማስነሳት ጊዜ ይወስዳል በሚል ነው፤ ጃምፐር የታሰረበት በርነር ደግሞ ይህን ፈተና ፈጽሞ ሊያልፍ አይችልም፤ ሽቦ እሳት አያይምና።

ሌላው ክፉ ልማድ የሪሴት ቁልፍን፣ ማለትም የቆመውን በርነር እንደገና የሚያስነሳውን ቁልፍ፣ ደጋግሞ መጫን ነው። በርነሩ ሳይለኮስ በቀረ ቁጥር ጥቂት ነዳጅ በምድጃው ውስጥ ይቀራል፤ አምስትና ስድስት ጊዜ የተጫነ ሪሴት ምድጃውን በነዳጅ ያጠግባል፤ ከዚያም የመጨረሻው ሙከራ «ይሳካል»። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 በሚሺጋን ግዛት ዲርቦርን ከተማ፣ በፎርድ ኩባንያ የሩዥ የኃይል ማመንጫ፣ ለጥገና እንዲቆም በሚደረግ ቦይለር ውስጥ የተጠራቀመ የተፈጥሮ ጋዝ ፈንድቶ 6 ሠራተኞች ሞተዋል። ምክንያቱ ሴንሰር ይሁን ሌላ፣ ነበልባል በሌለበት የሚጠራቀም ነዳጅ የሚያደርሰው ያንኑ ነው፤ በአገራችን ያሉት ቦይለሮች ከብረት ያልተሠሩ ይመስል ይህ እንደማይነካቸው ተቆጥሮ ይታለፋል።

ደግሞስ የልኬት ሰርተፊኬቱ! ፈተናው ሳይደረግ ያለፈው ዓመት ወረቀት ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ይፈረማል፤ ፈራሚው በርነሩን አላየም፤ ተቀባዩም አልጠየቀም።  ለአንድ ኪሎ በርበሬ የጎደለ ሚዛን ሲያይ የሚጮኸው ሰው፣ ልጁን ከሚያበላው ቦይለር ፊት የተሰቀለውን የሐሰት ወረቀት ግን አያነብም። ሐሰተኛ ሚዛን በፈጣሪ ፊት ኃጢአት እንደሆነ በየቤተ እምነቱ ይሰበካል፤ ለሰው ሕይወት የቆመን መለኪያ በሐሰት መፈረም ከዚያ የባሰ መሆኑን የማያውቅ የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ስለዚህ ጃምፐሩን ያሰረው ኦፕሬተር ብቻ ሳይሆን፣ እያየ ያለፈው የጥገና ኃላፊና «ምርት አይቁም» ብሎ ያዘዘው ሥራ አስኪያጅም ተጠያቂዎች ናቸው። በየቦይለር ቤቱ የታሰረ ጃምፐር ሁሉ ዛሬውኑ ይነቀል፤ የነቀለው ሰው ስምና የነቀለበት ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ፤ ሴንሰሩም በጋለ ምድጃ ፊት፣ ኃላፊው በአካል ቆሞ እያየ ይፈተን። ፈተናውን ያላለፈ በርነር፣ የምርት ዕቅዱ ምንም ያህል ወደኋላ ቢቀር፣ አይለኮስ።