ጦም ያደረ እርሻ

በጎጃም ገበሬ አነጋገር ሳይዘራ የከረመ መሬት «ጦም አደረ» ይባላል። ጦም ያው ጾም ነው፤ ቃሉም አንድ ሲኾን ፍቺው ኹለት ነው። ወድዶ የጾመም ሰው፥ የሚበላው አጥቶ የተኛም ሰው ጦም አደሩ ይባላልና። ዘርና በሬ ታጥቶ የተተወ መሬት እንደ ኹለተኛው ነው፤ ባለቤቱ ኃይሉ ይመለስለት ዘንድ ያሳረፈው ግን እንደ ፊተኛው ነው። እንግዲህ ለሰው ጾም የሚገባው ከኾነ፥ ሰውን ለሚመግበው መሬት አይገባውምን?

ኦሪት ይገባዋል ትላለች። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ታዝዟል፤ ካልዕ ዜና መዋዕልም በመጨረሻው ምዕራፍ፥ ሕዝቡ በተማረከ ጊዜ ምድሪቱ የቀረባትን ዕረፍት 70 ዓመት እንዳረፈች ይመሰክራል። ነገር ግን ይህን ይዞ ወደ ቡሬ ገጠር ወጥቶ፥ ኹለት ጥማድ መሬት ይዞ ስድስት ልጅ ለሚያሳድግ ሰው «እርሻህን አሳርፍ» ማለት ለጠገበ አፍ ቀላል ነው። ያ ሰው መሬቱን ቢያሳርፍ ልጆቹ ጦም ያድራሉ፤ ያውም በኹለተኛው ፍቺ።

የቀደሙት ይህን ችግር ያቀለሉት በክርክር ሳይኾን በጾም ወጥ ነው። ምእመን በዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ሌሎቹ አጽዋማትና ረቡዕ ዐርብ ሲጨመሩ በዓመት ወደ 180 ቀን ያህል ከሥጋና ከወተት ይከለከላል። ስለዚህ የሽሮው ባቄላ፥ አተርና ሽምብራ በየዓመቱ ይፈለጋል። እነዚህ ደግሞ በሥራቸው እባጭ ውስጥ በሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት ረዳትነት ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ፤ ከፊሉንም ለሚከተለው ጤፍ ያስቀራሉ። ገበሬው የነገሩን ምክንያት ባያውቅም ከባቄላ ቀጥሎ የተዘራ ጤፍ እንደሚያምር ያውቅ ነበር። የሰው ጾም ለመሬት ምግብ ኾነ።

ከኹሉ የሚደንቀው ግን ግብጦ ነው። ሌላው እህል እንቢ ባለበት በደከመ፥ በኮመጠጠ አፈር ይበቅላል፤ ብዙ እርሻና አረም አይሻም፤ መራራ ስለ ኾነም ከብት አይደፍረውም። ሥሩ ኮምጣጣ ነገር አመንጭቶ በአፈሩ ታስሮ የቀረውን ፎስፎረስ ይፈታል። ሰው ይበላው ዘንድ ግን ተቆልቶ በጆንያ እንደ ታሰረ በወራጅ ውኃ ብዙ ቀን ይሰነብታል፤ ምሬቱን ወንዝ ይወስድለታል። ለባለ ቅኔ የተዘጋጀ ሰም ይመስላል።

ዛሬ በቡሬና በጃቢ ጠህናን በብዙ ማሳ ላይ በቆሎ በበቆሎ እግር ይተካል። ምርቱ ብዙ ቤት አጥግቧል፤ ይህን የሚክድ ሐሰተኛ ነው። ነገር ግን ብርቱ ዝናብ የአፈሩን ካልሲየም እያጠበ ሲወስድ፥ የአዝመራው መደጋገምና ዩሪያም ሲያግዙት፥ መሬቱ ይኮመጥጣል፤ ለማከምም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በኵንታል ይበተንበታል።

ጥፋቱን በገበሬው ላይ ብቻ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እርሱ የሚዘራው የሚሸጥለትን ነውና። ግብጦን የድኻ መክሰስ ብሎ የሚንቅ፥ የባቄላ ዋጋ ጥቂት ሲጨምር የሚያጕረመርም የከተማ ጿሚ በዚያ ማሳ ላይ ድርሻ አለው። በፍኖተ ሰላም ገበያ ሽሮ ሲሸምት ስንት እንደ ኾነ ይጠይቃል፤ ባቄላው በተነሣበት መሬት ከርሞ ምን እንደሚዘራ ግን አይጠይቅም።