በጾም የሚነሣ እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባታችን የምንናገረው ብዙ ነው፤ ከቅዳሴ የቀረንበትን፣ ሰዓቱ ሳይደርስ የቀመስነውን፣ ሳናውቅ ቅቤ የነካውን ወጥ። ልጁን በቀበቶ መግረፉን የሚናዘዝ ግን ስንቱ ነው? ኃጢአት መሆኑም ትዝ አይለንም። «ለራሱ ብዬ ነው» እንላለን፤ ሲጠይቁንም ምሳሌ 13፥24ን እንጠቅሳለን።

እውነት ለልጁ ብለን ነው? እስቲ ከገጠር የመጣች የእኅት ልጅ ያለችበትን ቤት እንመልከት። የቤቱ ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር «አይዞህ፣ እንዳይቆርጥህ» ይባላል። እሷ ስትሰብር ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ ሲከፋም በርበሬ መታጠን ይጠብቃታል። ብርጭቆው እኮ ያው ብርጭቆ ነው! ዱላ ከፍቅር የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አብልጦ የሚመታው አብልጠን የምንወደው ልጅ በሆነ ነበር። የምናየው ግን አቤት የሚልለት የሌለው ሲመታ ነው። የወለድነውም ቢሆን፣ ደመወዝ በተቀበልን ቀን በሣቅ ያለፍነው ጥፋት አከራይ በተቆጣን ቀን ያስገርፈዋል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ረኀብ ደግሞ ቁጣን ያቀርባል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እየጾሙ በጡጫ የሚማቱትን የገሠጸው ያለ ነገር አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ አዟል (ኤፌ. 6፥4)። የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲመክር፣ ልጁ ዱላን ይፍራው እንጂ አይልመደው፣ ከለመደው ይንቀዋል የሚል ሐሳብ አለው። በትርን ፈጽሞ አልሻረም፤ አባትየው እጁን እንዲሰበስብ ግን ይፈልጋል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። ለመምህሩ ያልተፈቀደውን ነገር እኛ በጓዳ ስናደርገው፣ ጩኸቱን ቀድሞ የሚሰማው ጎረቤት ነው። ያ ለቡናና ለልቅሶ ሳይጠራ የሚገባ ጎረቤት ያን ጊዜ ብቻ «የሰው ቤት ነው» ይላል። ጨው ልዋስ ብሎም ቢሆን ማንኳኳት ይቻላል እኮ፤ ሰው ሲገባ የተነሣው እጅ ይወርዳል። ልጅ ከቆሰለ፣ ከተቃጠለ ግን ሽምግልና አይበቃም፤ ለፖሊስ መንገር ነው።

የንስሐ አባቶቻችንም፣ ቤት ለመባረክ ስትመጡ ያቺን ልጅ ከጓዳ አስጠርታችሁ ስሟን ጠይቋት፤ ማን ምን እንዳደረጋትም ለብቻዋ ስሟት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።