የምርመራ ውጤትም አማና ነው



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ኮሮና ሀገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር፤ ዕለቱም ጁምዓ። ከዚያ በኋላ ለወራት በየቀኑ የጤና ሚኒስቴርን መግለጫ ጠበቅን፦ ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይህን ያህሉ ላይ ቫይረሱ ተገኘ።

ያ ቁጥር የሚገኘው እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ውጤቱን ሳያዘገይና ሳይቀንስ ሲያሳውቅ ብቻ ነው። እስቲ እዚህ ቱላ አንድ ሰው እናስብ። ገበያ ውሏል፣ ባጃጅ ተሳፍሯል፣ መግሪብን በጀመዓ ሰግዷል። ማታ ትኩሳት ያዘው፤ ሲመረመር ቫይረሱ ተገኘበት። ውጤቱ በዚያው ቀን ለጤና ጽሕፈት ቤት ከደረሰ አብረውት የነበሩት ይፈለጋሉ፣ ራሳቸውንም ይለያሉ። ሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ካደረ ግን ባለ ባጃጁ ሦስት ቀን ሰው ያመላልሳል፤ በሶፉ ከጎኑ የቆሙት አባት በሽታውን ለልጅ ልጆቻቸው ይዘው ይገባሉ።

ቫይረሱ ያልተገኘበት ውጤትም ይነገር። አሥር ሰው ተያዘ ሲባል ከመቶ ተመርማሪ ነው ወይስ ከአሥራ አምስት? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ኒሳእ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዞናል። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ የጦር አዛዦቹ ተቀብለው ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመርም ሰሓቦችን አማክረው ሰዉን ይዘው ተመለሱ። አስተውሉ! አዛዦቹ «መሪያችን ይከፋቸዋል» ብለው ወሬውን ቢደብቁ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ወደ በሽታው ይገባ ነበር።

«የወንድምን ነውር መሸፈን አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። በሽታ ግን ነውር አይደለም። ደግሞም አማና ሁለት ጎን አለው፦ ለባለመብቱ ማድረስ፣ ከሌላው መጠበቅ። ውጤቱን ለጤና ባለሙያ ማሳወቅ አማናን ማድረስ ነው። የታማሚውን ስም ቡና ላይ ማውራት፣ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ግን ኺያና ነው። ሰው ከምርመራ የሚሸሸው በሽታውን ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ምላሳችንንም ፈርቶ ነው።

ላቦራቶሪ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች! ለዘመድም ለገንዘብም ብላችሁ የሌለ ውጤት አትጻፉ፤ ያለውንም አታሳድሩ። የተመረመራችሁ ደግሞ ትክክለኛ ስልካችሁንና አብሯችሁ የነበረውን ሰው ተናገሩ። ኅዳር 2018 ማርበርግ ጂንካ ላይ ሲገኝ እንዳየነው ወረርሽኝ ተመልሶ ይመጣል። እኛም ያን ጊዜ የምንጠየቀው በእጃችን ስላለው አማና ነው።

ያ አላህ! ሀገራችንን ከወረርሽኝ ጠብቅልን፣ ለታመሙት ሺፋ ስጣቸው፣ በወረርሽኙ የሞቱብንን ማራቸው። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!