ሳይጠይቁ ስለ መርዳት

ሰው ለሰው በጎ ማድረግ እንደሚገባው ከልጅነታችን ጀምሮ እንማራለን። ወላጆቻችንም መምህሮቻችንም ይህንኑ ሲነግሩን አድገናል። ነገር ግን የሚረዳውን ሰው አስቀድሞ ሳይጠይቅ የሚረዳ ሰው በጎ አድራጊ ይባላል ወይስ አይባልም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በላይ ጋይንት በአንዲት እናት ጎጆ ውስጥ አፍሬ ነው ያገኘሁት። እፍረት መልካም መምህር ስለሆነ፣ ታሪኩን ለወጣት አንባቢዎች ሳልደብቅ ልጽፈው ወደድሁ።

በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነበርሁ። ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት ለጥቂት ወራት በሥራ ላይ መለማመድ ግዴታው ነበርና፣ ጓደኞቼ ለባለጸጎች ቪላ ወደሚነድፉ ቢሮዎች ሲሄዱ እኔ ለድኻው ሕዝብ የሚጠቅም ዕቃና ቤት ወደሚነድፍ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገባሁ። እንዲህ ያለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ቪክቶር ፓፓኔክ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነዳፊዎች ለጌጥና ለገበያ ብቻ መድከማቸውን ትተው የብዙኃኑን እውነተኛ ችግር እንዲመለከቱ አጥብቆ ተከራክሯል። በአገራችንም በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ገጠርና ወደ ትንንሽ ከተሞች ወርደው ሕዝቡን እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሊያስተምሩ ሄደው ራሳቸው ተምረው እንደተመለሱ ሰምቼ ነበር። በእኔ ላይም ይኸው ይደርስብኛል ብዬ ግን ከቶ አላሰብሁም።

በስቱዲዮው የተሰጠኝ ሥራ የእንጀራ ምድጃ መንደፍ ነበር። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር እሳቱ በየጎኑ እየተበተነ ማገዶ ይፈጃል፤ ጭሱም ጎጆውን ሞልቶ የጋጋሪዋን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ በሚጨስ ማገዶ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ምርጥ የተባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ በአገራችን ከታወቀ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ይቆጥባል። የእኛ ስቱዲዮ ደግሞ ከዚህ ያነሰና የረከሰ፣ በአህያ ጭኖ ወደ ደጋ ለማውጣት የሚመች ምድጃ ለመሥራት ፈለገ። እኔም ነደፍሁ፤ በግቢያችን ውስጥ በተፈለጠ ባሕር ዛፍ ፈተንሁት፤ ጭሱ መቀነሱን ባየሁ ጊዜ ሥራዬን የፈጸምሁ መሰለኝ።

ምድጃዬን አስጭኜ፣ ደብረ ታቦርን አልፌ፣ የጉናን ግርጌ ይዤ ነፋስ መውጫ ደረስሁ። ከዚያም በእግር ወደ አንድ መንደር ሄጄ፣ ለሙከራ ፈቃደኛ ሆነዋል በተባሉ በአንዲት ባልቴት ቤት ተከልሁት። እኒያ እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ጌታው፣ ዕድሜ ይስጥዎ፤ የእናትዎን ማሕፀን ይባርከው» አሉኝ። እኔም ከምድጃው አጠገብ አቁሜ ፎቶግራፍ አነሣኋቸውና በታላቅ ደስታ ተመለስሁ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የሥራውን ውጤት ለማየት ሄድሁ። ወደ ጎጆው ስገባ ምድጃው እንደተከልሁት ቆሟል፤ በውስጡ ግን እሳት አልነበረም። ገለባ ተነጥፎበት አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታበታለች። እንጀራውም እንደ ጥንቱ በጉልቻ ላይ ይጋገራል። በዚያች ሰዓት በልቤ ያለፈውን አልሸሽግም። «ይህ ሕዝብ የሚጠቅመውን ስለማያውቅ ነው ድኻ ሆኖ የቀረው» ብዬ አሰብሁ። ዛሬ ሳስታውሰው ከዶሮይቱ ይልቅ ያ ሐሳቤ ያሳፍረኛል።

ቀኑ ስለመሸ እኒያ እናት እንዳድር ለመኑኝ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ የጉና ቁር ወረደ፤ ጋይንትን የማያውቅ ሰው ያን ብርድ በወሬ አይረዳውም። ያን ጊዜ በጉልቻው መካከል እሳቱ ነደደ። ልጆቹ ዙሪያውን ከበቡት፤ አንደኛው በብርሃኑ ደብተሩን ገልጦ አነበበ፤ ትንሿ እጇን ሞቀች። ጭሱም ወደ ሣር ክዳኑ ወጥቶ፣ ለዘር የተሰቀለውን እህል እያጠነ አለፈ። እኔም ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አፍሬ፣ ከደጅ ኩበት ተሸክሜ አመጣሁና እሳቱን እፍ ስል ዐይኔ በእንባ ተሞላ። እኒያ እናት ይህንን አይተው ከልባቸው ሳቁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮም «እርስዎ» ማለታቸውን ትተው «አንተ» አሉኝ።

«አንተ ልጄ» አሉ፣ «ያ ምድጃህ ክፉ አይደለም። አፉ ግን ጠባብ ነው፤ ኩበቴን አይውጥልኝም። ሰባብሬ ባስገባው ይደቅና እሳቱን ያፍነዋል። ባሕር ዛፉን እንደሆነ እንሸጠዋለን እንጂ አናነደውም። ደግሞስ እሳቱን ሸሸገብኝ። ማታ ልጆቼ ምን ይሙቁ? በምንስ ይተያዩ? ክዳኑስ ጭስ ካላገኘው ተባይ አይበላውም?»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«የሰው አገር ሰው ሆነህ፣ ያን ሁሉ ሸክም ይዘህ መጥተህ፣ ፊትህ በደስታ ሲበራ እያየሁ ምን ብዬ ልንገርህ? ይሉኝታ የለኝም እንዴ?»

አዲስ አበባ ስመለስ የሆነውን ሁሉ ለስቱዲዮው አለቃ ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። «በመጀመሪያው ቀን ስንት ጥያቄ ጠየቅሃቸው?» ብቻ አሉኝ። የመስክ ደብተሬን ገለጥሁ። የግድግዳው ውፍረት፣ የበሩ ስፋት፣ የጉልቻው ቁመት፣ የምጣዱ ወርድ አንድ ሳይቀር ተጽፏል። ለእኒያ እናት ያቀረብሁት ጥያቄ ግን በደብተሩ ውስጥ አንድም አልነበረም። ድንጋዩን ሁሉ ለክቼ፣ በድንጋዩ የሚጠቀመውን ሰው ዘልዬዋለሁ።

አባቶቻችን «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ። ይህ ተረት የሚነቅፈው ዕውቀትን አይደለም፤ በሰው ቤት ገብቶ ከቤቱ ባለቤት በላይ ዐዋቂ ነኝ ማለትን ነው። እኔ በጉልቻው ላይ ያየሁት አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ እርሱም መጋገር ነው። እሳቱ ግን መጋገሪያም፣ ማሞቂያም፣ መብራትም፣ የክዳንና የዘር ጠባቂም ነበር። አንዱን ሥራ ላሻሽል ብዬ ሦስቱን ወሰድሁባቸው፤ ይህንንም ስጦታ ብዬ ጠራሁት።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የይሉኝታ ነገር ነው። ይሉኝታ የጨዋ ሕዝብ ጌጥ ነው፤ ሰውን እንዳናሳፍር ይጠብቀናል። ሆኖም ሰጪና ተቀባይ በተገናኙ ጊዜ እውነቱን የሚሸፍን መጋረጃ ይሆናል። ተቀባዩ ያመሰግናል፤ ሰጪውም ምስጋናውን ለሥራው ማስረጃ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለሰው በጎ ሊያደርግ የሚሻ ሰው፣ ተቀባዩ «ይህ አይሆነኝም» ለማለት እንዳያፍር አስቀድሞ መንገድ ሊጠርግለት ይገባል። እኔ ያን መንገድ ያገኘሁት ኩበት ተሸክሜ፣ በጭስ አልቅሼ፣ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ከወረድሁ በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛውን ምድጃ ይዘን ወደ ስማዳ ቆላ ወረድን። እዚያ ሙቀቱ የከበደ፣ እንጨቱም ከደጋው ይልቅ የሚገኝ ስለሆነ፣ አንዲት ወይዘሮ እሳቱ መከለሉን እንደ በረከት ቆጠሩት፤ «ፊቴን ከወላፈን አዳንህልኝ» አሉኝ። ምድጃው ያው ነው፤ ደጋው የናቀውን ቆላው ወደደው። ስለዚህ አንድ ዕቃ በራሱ መልካም ወይም ክፉ እንደማይባል፣ በማን ቤትና ለምን ችግር እንደገባ ታውቆ እንደሚፈረድበት ተረዳሁ።

ጉዟችንን የጨረስነው በእስቴ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርደን፣ ከጎንደር ወደ ጎጃም የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ በማየት ነው። ይህ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆርጦ ቀረ። ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በሁለቱ ወገን የቆሙ ወንዶች ገመድ እየሳቡ፣ ተሻጋሪውን ወገቡን አስረው ከጥልቁ በላይ በአየር ያሳልፉት ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ይህንን በአንድ መጽሔት ፎቶግራፍ አይቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የተሰበረውን መካከል በብረት አስጠገነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ግን የዓባይ ጎርፍ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 እ.ኤ.አ. ከቀድሞው ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

እዚያ ቆሜ ሁለት ነገር አሰብሁ። አንደኛው፣ ያ ገመድ የሕዝቡ ቃል ነበር፤ ምን እንደሚያስፈልገው ማንም ሊስተው በማይችል መንገድ ተናግሯል። በጋይንትም ጉልቻው ይናገር ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው፣ ዓባይ ይሉኝታ የለውም። የማይሆነውን ሥራ «ዕድሜ ይስጥህ» ብሎ አይቀበልም፤ ያፈርሰዋል። ስለዚህም ሠሪው ስሕተቱን ዐውቆ ተመልሶ ሊሠራ ቻለ። እኛ ግን የምንሠራው ይሉኝታ ለሚያውቅ ሰው ነውና፣ ስሕተታችንን ፈልገን ማግኘት የራሳችን ዕዳ ነው። መሳሳት ሰውን አያዋርደውም፤ ሰጥቶ ሄዶ ተመልሶ አለማየት ግን ያዋርደዋል።

ምናልባት አንባቢ፣ «እንዲህ ከሆነ የተማረ ሰው ምን ይሠራል? ጭሱ ይገድላል ብለሃል፤ ባለቤቲቱ ስለወደደችው እንተወው?» ይለኝ ይሆናል። መጠየቅ ማለት ዕውቀትን ጥሎ መሄድ አይደለም። ጭሱ ሳንባ እንደሚጎዳ እኔ ዐውቃለሁ፤ ቤታቸው ስንት ነገር በእሳት እንደሚኖር እርሳቸው ያውቃሉ። ሁለቱ ዕውቀቶች ካልተገናኙ ምድጃው የዶሮ ቤት ሆኖ ይቀራል። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» የተባለውም በእኔ ላይ ደርሷል።

ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጋይንት በሄድሁ ጊዜ ወረቀቴን በእኒያ እናት ፊት ዘረጋሁና «እንዴት ይሁን?» አልኋቸው። አፉን በኩበታቸው ልክ አሰፋነው። የሙቀቱን ነገር ደግሞ እርሳቸው መላ መቱለት። «ከታች በጎኑ በር ክፈትለት፤ ጋግሬ ስጨርስ ፍሙን በገል እያወጣሁ በማንደጃ ለልጆቼ አደርግላቸዋለሁ» አሉ። ያች በር ከምድጃው ክፍሎች ሁሉ የተሻለች ናት፤ የነደፈቻትም እጇ እርሳስ ይዞ የማያውቅ እናት ናት። ችግሩ ግን ሁሉ አልተፈታም። ለምሽቱ ብርሃንና ለክዳኑ ሲሉ ጉልቻውን አላፈረሱትም፤ ማታ ማታ ቡና ያፈሉበታል። እኔም እንዲያፈርሱት አልለመንኋቸውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ወይም ሹም ሆናችሁ ወደ አንድ መንደር ትሄዱ ይሆናል። ልባችሁ ርኅሩኅ መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለድኻ ማዘን ድኻን ማክበር እንዳልሆነ ዕወቁ። ስታዝኑለት ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ፤ ስታከብሩት ግን አጠገቡ ተቀምጣችሁ ትጠይቁታላችሁ። በሄዳችሁበት መንደር ሁሉ ሲያመሰግንዋችሁ አትቸኩሉ። ቆዩ፣ እደሩ፣ ማገዶ ተሸከሙ። ከዚያ በኋላ የሚነግሯችሁን በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።