ቤቱን ማስመርመር ሻጩን መጠርጠር ነውን?

በአዲስ አበባ ሁለት ሙስሊሞች ስለ አንድ አሮጌ ቤት ሽያጭ ተነጋግረው ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ፣ ገዢው «ባለሙያ አምጥቼ ቤቱን ላሳየው» ሲል የሻጩ ፊት ይለዋወጣል። «አላመንከኝም ማለት ነው?» ይላል። ደላላው ጣልቃ ይገባና «እናንተ እኮ በአንድ መስጊድ የምትሰግዱ ወንድማማቾች ናችሁ፤ መሐንዲስ ምን ያደርጋል?» እያለ ነገሩን ያለሳልሳል። ገዢው ያፍራል። ቀብድ ይከፈላል፣ ውል ይፈረማል። ክረምት ሲገባ ኮርኒሱ ያንጠባጥባል፣ ግድግዳውም ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች በጁምዓ ቀን እንኳ በተለያየ በር መግባት ይጀምራሉ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው ይህ ነው፦ በዲን ወንድማችን ከሆነ ሰው ቤት ስንገዛ ቤቱን በባለሙያ ማስመርመራችን በእርሱ ላይ ክፉ ጥርጣሬ ማሳደር ነውን? ካስመረመርንስ በኋላ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ከመናገር ግዴታው ነፃ ይወጣልን?

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እናገኛለን። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ይህን ሐዲስ ስለ አታላዩ ነጋዴ ስንጠቅሰው እንኖራለን። ነገር ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን። እጅ ወደ ክምሩ ውስጥ ገብቷል! ያ ገበያ የመዲና ገበያ ነበር፤ በላዩ የታየው ደረቅ እህልም በቂ ተደርጎ አልተወሰደም። የእህሉ ባለቤትም የተወቀሰው ዝናብ ስላገኘው ሳይሆን እርጥቡን በደረቁ ስለ ሸፈነው ነው። ዝናብ የአላህ ነው፤ መሸፈኑ ግን የሰውየው ሥራ ነበር።

የፊቅህ ሊቃውንትም ቤትን ማየት ማለት ምን እንደሆነ በዝርዝር ተነጋግረውበታል። የሻፊዒይ ፉቀሃእ ቤት የሚገዛ ሰው ክፍሎቹን፣ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም፣ መታጠቢያውንና የፍሳሽ መውረጃውን ጭምር ማየት እንዳለበት ጽፈዋል። እነዚያ ሊቃውንት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የፍሳሹን ነገር አልዘነጉትም፤ እኛ ግን ሳሎን ተቀምጠን ቡና ጠጥተን እንፈራረማለን። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ የቀደሙት የቤቱን ግቢ ማየት ይበቃል ሲሉ፣ የአቡ ሐኒፋ ደረሳ የነበሩት ዙፈር ወደ ክፍሎቹ መግባት ያስፈልጋል ብለዋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የኖሩት አል-መርጊናኒ «አል-ሂዳያ» በተሰኘው ኪታባቸው የቀደሙት አነጋገር በዘመናቸው ቤቶች ይመሳሰሉ ስለነበር እንደሆነ፣ በእርሳቸው ጊዜ ግን ቤቶች ስለሚለያዩ ውስጡ መታየት እንዳለበት አስረድተዋል። ስለዚህ የማየቱ ልክ እንደ ቤቱ ዓይነት ይለያያል ማለት ነው።

የእኛስ ቤት ዓይነት ምንድን ነው? በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ብዙው ቤት የእንጨትና የጭቃ ነው። የባህር ዛፍ ቋሚ መሬት ውስጥ ይተከላል፣ ማገር ይመታበታል፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። አቅም ሲገኝ ከላዩ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል። እንዲህ ያለ ቤት በደንብ ከተያዘ ከሠሪው ዕድሜ በላይ ይቆያል። ችግሩ የሚጀምረው ከሥር ነው። መሬት ውስጥ የገባውን የቋሚውን ጫፍ እርጥበት ያበሰብሰዋል፣ ምስጥ ይበላዋል። ልስኑ ግን እንዳማረ ይቆማል፤ እንዲያውም ቤቱን የያዘው ልስኑ እስኪመስል ድረስ። ለዚህ ነው በዓይን ብቻ ማየት የማይበቃው። የሚያውቅ ሰው ግድግዳውን ከግርጌው እያንኳኳ ድምፁን ይሰማል፤ በባለቤቱ ፈቃድ ከልስኑ ጥቂት ፈቅፍቆ ቋሚውን በሚስማር ይወጋዋል፤ ሚስማሩ ሳይታገል ከገባ እንጨቱ አልቋል። ወደ ኮርኒሱ ውስጥ በባትሪ እያየ የውሃ ምልክትና የዛገ ቆርቆሮ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ዕድሜ ያያል። ቤቱ በመረሬ አፈር ላይ ያረፈ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያለውንም ቤት በየዓመቱ ያነሣዋል ያወርደዋል። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ይህንኑ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባበት አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለምን እርሱ ብቻ እንደተቀባ መጠየቅ ነውር የለውም።

የሚያስገርመው፣ ቤት ገዢ ሁሉ ወረቀቱን መመርመር ያውቅበታል። ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ሦስት ጊዜ ያጣራል፤ ማንም ሻጭ በዚህ አይቀየምም። ግድግዳው ሲነካ ግን ቅያሜ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ «የምገዛው ቦታውን ነው፣ ቤቱማ አሮጌ ነው» ይላል። የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ በውሉ ላይ የሚጻፈውም ቤቱ ነው። አፍርሶ ለሚሠራው ባይከፋም፣ ልጆቹን ይዞ ለሚገባበት ግን ይህ አባባል መልስ አይሆነውም። ሌላው ስሕተት የባንክ ግምትን እንደ ምርመራ መቁጠር ነው። የባንኩ መሐንዲስ የሚመጣው ቤቱ ለብድሩ መያዣ ይበቃል ወይ የሚለውን ለባንኩ ሊነግር እንጂ ምስጥ ሊፈልግ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ እውነተኛው ፈተና ያለው እዚህ ነው። በአሁኑ ጊዜ አንዳንድ ሻጮች ምርመራውን በደስታ መቀበል ጀምረዋል። «ባለሙያህን አምጣ፣ እንደልቡ ይይ» ይላሉ። ይህ መልካም ነው። ባለሙያው መጥቶ ዐይቶ ሳያገኘው የቀረ ጉድለት ቢኖርስ? «ራሱ አስመርምሮ ነው የገዛው» ብሎ መተኛት ይቻላልን?

በእኔ እምነት ፈጽሞ አይቻልም። ምርመራው የገዢው ጥንቃቄ ነው፤ መናገር ደግሞ የሻጩ አማና ነው። የአንዱ መፈጸም የሌላውን አያወርድም። በኢማም ማሊክ «አል-ሙወጠእ» ውስጥ የተዘገበ አንድ ፍርድ አለ። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ አገልጋይ ከጉድለት ኃላፊነት ነፃ ሆኜ እሸጣለሁ በሚል ውል በ800 ዲርሃም ሸጡ። ገዢው ያልተነገረኝ በሽታ አለበት ብሎ ወደ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) ከሰሳቸው። ዑስማን «በውሉ ነፃ ወጥተሃል» አላሉም፤ ሲሸጡ በሽታውን የማያውቁ እንደነበሩ ይማሉ ብለው ፈረዱ። ኢብኑ ዑመር ከመማል ይልቅ መልሰው መውሰድን መረጡ፤ ኋላም ድኖ በ1,500 ዲርሃም ተሸጠ። በዚያ ፍርድ ላይ የተጠየቀው የውሉ ቃል ሳይሆን የሻጩ ዕውቀት ነበር። የዛሬው ሻጭም «ባለበት ሁኔታ ተሽጧል» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያስገባ፣ ባለሙያም ገብቶ ቢወጣ፣ የሚጠየቀው ያንኑ ነው፦ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር?

ከአባታቸው የወረሱትን ቤት የሚሸጡና በውስጡ ኖረው የማያውቁ ወራሾች ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እነርሱ የማያውቁትን ሊናገሩ አይገደዱም። እንዲህ ባለው ሽያጭ ምርመራው ለገዢውም ለሻጮቹም ጥበቃ ነው፤ ስለዚህ ወጪውን ቢካፈሉ አይከፋም።

ገዢውም ቢሆን የራሱ ፈተና አለበት። ባለሙያው ከልስኑ ሥር ጭቃ ሳይሆን ጥሩ የድንጋይ ግንብ ቢያገኝና ሻጯ፣ ምናልባትም አንዲት አሮጊት እናት፣ የቤታቸውን ዋጋ ባያውቁስ? ጀሪር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ) አገልጋያቸው በ300 ዲርሃም የተስማማበትን ፈረስ ዐይተው፣ ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል እያሉ እስከ 800 ከፍለው እንደገዙት ይተረካል። ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ገብተው ነበርና። ይህን ያህል ከሁላችን መጠበቅ ይከብድ ይሆናል። ቢሆንም ምርመራ ሁልጊዜ ዋጋ ማስቀነሻ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ፍትሕ አይደለም።

ባለሙያውን በተመለከተ፣ ደላላው የሚያመጣውን አለመቀበል ይሻላል፤ የደላላው ኮሚሽን ሽያጩ ካልተፈጸመ አይገኝምና። ክፍያው ሽያጩ ቢፈርስም ባይፈርስም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከሻጩ ምንም አይቀበል። ለጭቃ ቤት ደግሞ ዲግሪውን ትናንት ከያዘ መሐንዲስ ይልቅ ብዙ ቤት አቁሞ ብዙ ቤት ያፈረሰ ሽማግሌ አናጢ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ለብሎኬትና ለኮንክሪት ግን መሐንዲሱ ይጠራ። ይህ ሁሉ ከቀብድ በፊት ነው መሆን ያለበት፤ ቢቻል ዝናብ በጣለ ማግስት።

አሁን ባለሙያው ቋሚዎቹ በምስጥ ማለቃቸውን ቢነግረውና ገዢው ቢተወው፣ ያየውን በየሻይ ቤቱ ማውራት አይገባውም፤ ሌላ ገዢ መጥቶ ካማከረው ግን መደበቅ የለበትም። ሻጩም የተገኘው እንዲነገረው መጠየቅ ይኖርበታል፤ ብዙዎች ሆን ብለው አይጠይቁም። ከተነገረው ቀን ጀምሮ ግን ከማያውቁት ወራሾች ጋር አይቆጠርም። የተፈቀፈቀውን ልስን ደፍኖ ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ ለሚቀጥለው ገዢ ያንን ቦታ ሊያሳየው ይገባል።